የቅዳሜ ሩብ ዙር

ባለፈው ቅዳሜ ነው። ኮምቦልቻ ላይ መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ የሰፈራችን ወፍጮም ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብሏል። ሥራ ከተውኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የወፍጮ ቤቱ በራፍ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ መሞቅ ልማዴ ነው። የዚያን ዕለት ነፋሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነፈሰና የግራሶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የቆመ ማሽን ግራሶ ሽታው ሌላ ነው። የሚሠራ ማሽን ግራሶ ይሞቃል፣ ጠበስ ጠበስ ይላል፤ የቆመው ግን ቀዝቃዛ ነው፣ አቧራ አቧራ ይሸታል። እኔ ደግሞ ይህን ቀዝቃዛ ሽታ ሁለት ዓመት ሙሉ ስተነፍሰው የኖርኩ ሰው ነኝ። ማንም ሳይጠራኝ ተነስቼ ገባሁ፣ የወፍጮውን ትልቅ ፑሊ በሁለት እጄ ያዝኩና ሩብ ዙር አዞርኩት። ባለ ወፍጮዋ ሐሊማ አይታኝ፣ "ጋሼ ይመር፣ ምን ሊሠሩ ነው? ጣትዎን እንዳይበላዎት!" አለች። "ኩሽኔታው ባንድ ጎኑ እንዳይተኛ ነው" አልኳት። "ኧረ ሦስት ቀን ለቆመ ወፍጮ!" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ፣ እውነቷን ነው። እኔ ግን ወደ ቦታዬ ተመልሼ ስቀመጥ ልቤ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ሪያድ ገብቶ ነበር፣ ከሱለይ ማዶ፣ ያ የድንጋይ ጉድጓድ አፋፍ ላይ።

ሱለይ የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር ነው። ሱቁ ሁሉ ጎማ፣ ሱቁ ሁሉ ብረት። ጠዋት ጠዋት አውቶብሶች ከየማደሪያው ሠራተኛ ጭነው ይመጣሉ፤ ፓኪስታኑም፣ ሱዳኑም፣ ሐበሻውም ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደግፎ የተረፈችውን እንቅልፍ እየጨረሰ። ያኔ ትኩስ ተሚስ አንድ ሪያል ነበር። ተሚስ የሚሉት ያ አፍጋኖቹ በጉድጓድ ምድጃ የሚጋግሩት ሰፊ ዳቦ ነው፣ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። የሦስት ሪያል ፉል ከጨመሩበት እስከ ማታ ሆድ አያስቸግርም። ሰማያዊ ቱታ በሠላሳ አምስት ሪያል ይገዛ ነበር፤ በሁለተኛው እጥበት ሰማያዊነቱ ይለቅና ወደ አመድነት ይሄዳል። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ዳቦ ዋጋ ሲነግሩኝ የዚያ ተሚስ ሽታ ትዝ ይለኛል። ሰው ደግሞ ጉደኛ ነው፣ ያኔ ተሚሱን ስገምጥ የማስበው ኮምቦልቻን ነበር።

ሪያድ የደረስኩት ጎልማሳነቴን አጋምሼ ነው። እዚህ ፋብሪካ ወርክሾፕ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። ሙያ ያስተማረኝ አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረው፣ አንድ ነገር እየደጋገመ ይለኝ ነበር፦ "ይመር፣ ማሽን በሰው ፊት ያሳፈረህ ዕለት ሙያ የለህም።" ይህን ነገር ልቤ ውስጥ ይዤው ባሕር ተሻገርኩ። ምነው በቀረብኝ። ከፊሌ፣ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን የያዘው አሠሪዬ ማለቴ ነው፣ አቡ ፋሃድ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ከሱለይ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብሎ ትልቅ የድንጋይ ጉድጓድና የድንጋይ መፍጫ ነበረው። ነጩን ድንጋይ ከጉድጓዱ እናወጣለን፣ መፍጫው ጠጠር ያደርገዋል፣ ጠጠሩ በከባድ መኪና ወደ ከተማ ይገባል። የሀብታሙ ሰፈር የዑለያ ፎቆች ግማሽ ሆዳቸው የኛ ጠጠር ነው እያልን እንጎርር ነበር። ዓርብ ዓርብ ዑለያ ስንወጣ፣ ያንን ሁሉ መስታወት ቀና ብለን አይተን፣ "ይቺኛዋን የፈጨናት ረመዳን ላይ ነው" እንባባላለን።

ከዚያ ገበያው ወደቀ። እኔ የትልልቆቹን ነገር አላውቅም፤ የነዳጅ ዋጋ ወረደ አሉ፣ ግንባታ ቆመ አሉ። የማውቀው በዓይኔ ያየሁትን ነው። ዑለያ ላይ ክሬኖቹ አንገታቸውን እንደዘረጉ ደርቀው ቀሩ። ጠጠር የሚጭኑት መኪናዎች መጀመሪያ ቀነሱ፣ ከዚያ በቀን አንድ ሆኑ፣ ከዚያ የመኪና ድምፅ ስንሰማ ተሽቀዳድመን የምንወጣበት ጊዜ መጣ። አቡ ፋሃድ ስልሳ የምንሆነውን ሠራተኞች በሁለት ወር ውስጥ አሰናብቶ ሁለት ሰው ብቻ አስቀረ፤ እኔንና ደሳለኝ የሚባል የጎጃም ልጅ። ያን ቀን አቡ ፋሃድ መፍጫው ሥር ቆሞ የራስ መሸፈኛ ሽማጉን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ "ገበያ እንደ ግመል ነው፣ ይንበረከካል፣ ይነሳል። የተነሳ ቀን ከሰው ሁሉ መፍጫ የኔው ቀድሞ መነሳት አለበት። ሌሎቹ ዝገት ሲፍቁ እኛ እንሸጣለን። ገባህ?" አለኝ። ገብቶኛል አልኩት። መፍጫው እስከተጠበቀ ድረስ የሁለታችን ኢቃማ ይታደሳል፤ መፍጫው ከተሸጠ ኸላስ፣ አበቃ፣ የመውጫው ማኅተም ኹሩጅ ተመትቶልን ላንመለስ ወደ አገር ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

የቆመ ማሽን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ይመስላችኋል? ሞኝነት ነው። የቆመ ማሽን ከሚሠራው ይልቅ አስታማሚ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ይሰርጋል፤ ጠዋት ጠዋት በፖምፓ ካልወጣ መንገዱን ይበላዋል። ጠጠሩን ተሸክሞ የሚያወጣው የጎማ ቺንጋ ፀሐይ ከመታው ይሰነጣጠቃል፤ ሸራ እናለብሰዋለን፣ ነፋስ ሲገፈው መልሰን እናለብሰዋለን። ድንጋይ የሚገባበት አፍ ውስጥ እርግቦች ጎጆ ይሠራሉ፤ ደሳለኝ ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንታገሥ ብሎ ይለምነኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጄኔሬተሩን ግማሽ ሰዓት እናስነሳዋለን። ከሁሉ በላይ ግን ሩብ ዙር አለ። ከባድ ብረት በኩሽኔታ ላይ ለወራት ባንድ ጎኑ ከተኛ፣ ኳሶቹ የተቀመጡበትን ቦታ ይጎደጉዱታል። አልጋ ላይ ረጅም ጊዜ የተኛ ሕመምተኛ ጎኑ አይቆስልም? እንደዚያ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አሥራ አራቱንም ዘንግ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እናገላብጣለን፤ ጫፋቸው ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌያለሁ፣ ምልክቱ ባለፈው ሳምንት ከላይ ከነበረ ዛሬ ወደ ጎን መዞር አለበት። ድንጋዩን የሚሰብረው የመንጋጋው ትልቅ መንኮራኩር ብቻ ለሁለት ሰው ከባድ ነበር። ረጅም ቧንቧ አስገብተን እኔ ቢስሚላህ፣ እሱ በስመ ሥላሴ፣ "ያላ!" ብለን ስንንጠለጠልበት እያቃሰተ ይዞራል። አራት ሰዓት ላይ አቡ ፋሃድ ይደውላል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ቃል ብቻ፦ "ጃሂዝ?" ዝግጁ ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ "ጃሂዝ!" እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቅዳሜ ዋሽቼው አላውቅም።

ደሳለኝ የቡሬ ልጅ ነው፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ሹፌርም ነው፣ ረዳቴም ነው፣ ወጥ ሠሪያችንም ነው። እየሠራ ያንጎራጉራል። አንዱን ግጥም ራሱ ነው የገጠመው፣ እስከ ዛሬ ከአፌ አልጠፋም፦

ድንጋይ የሚፈጨው ቆሞ ሲጠበቅ፣
እኔም ቆሜ ቀረሁ በሯን ስጠብቅ።

በሯን የሚላት ሚስቱን ብርቱካንን ነው። እሷ የኛ ወሎዬ ናት፣ የደሴ ልጅ። እሱ በጭነት መኪና ሲመላለስ አይቷት፣ ለቤተሰቦቿ ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባት። ያኔ ሪያድ ሱለይማኒያ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በፓስፖርቷ ስሟ ሀያት ነው፤ በሙስሊም ስም ቪዛው ቶሎ ይወጣል ብሎ ደላላው የለወጠላት። ወረቀቱን ካያችሁት የደሳለኝም ሚስት አይደለችም፣ የማንም ሚስት አይደለችም። ፓስፖርቷ አሠሪዋ መዳም ጋ፣ የዕረፍት ቀን የላት፣ ስልኳ አንዳንዴ ይሰጣታል አንዳንዴ ይወሰዳል። አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ባልና ሚስት እንደ ሌባ ተሰራርቀው ነበር የሚተያዩት። ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

መተያያቸው ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ብርቱካን የቪላውን በራፍ በጎማ ውሃ ልታጥብ ትወጣለች። እኛ በፒክአፑ እንደርሳለን። ወንድ ልጅ እንዲያው በሰው በር ላይ ቢገተር ሸርታ፣ ፖሊስ ይጠራበታል፤ ስለዚህ እኔ ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ መኪናው የተበላሸ አስመስላለሁ። ጢሜ ሸብቷል፣ ቱታዬ ግራሶ በግራሶ ነው፣ ማን ይጠረጥረኛል? ደሳለኝ ውሃ የሚለምን መስሎ ወደ በሩ ይጠጋል። ጀርባዬን ሰጥቼ ደህናውን ቡሎን ስፈታና ሳጠብቅ አሥር ደቂቃ ያወራሉ። እሷ በበሩ ስንጥቅ በአልሙኒየም የተጠቀለለ ሳምቡሳ ታቀብለውና ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ "ጋሼ ይመር፣ ዛሬም ተበላሸብዎት?" ትለኛለች። "ምን ላድርግ ልጄ፣ አሮጌ መኪና ነዋ!" እላታለሁ። ሳቋን አፍና ትገባለች። ያንን ሳምቡሳ ዑለያ ዳር መኪናዋን አቁመን ነበር የምንበላው። ደሳለኝ ሁልጊዜ ለኔ አንድ ያበልጥልኝ ነበር።

ቃል ኪዳናቸው አንድ ነበር፣ በአንድ አውሮፕላን መመለስ። የብርቱካን ኮንትራት ሊያልቅ ስምንት ወር ቀርቶት ነበር። "እኔ ቀድሜ ከሄድኩ ማን በሩ ላይ ይቆምላታል?" ይለኝ ነበር ደሳለኝ። "ኮንትራቷ ሲያልቅ አንለቅሽም ቢሏት ማን ይሰማታል? ኤምባሲ ሄዶ የሚጮህላት ማን አለ? ስምንት ወር ብቻ፣ ጋሼ። ግመሉ ስምንት ወር ተንበርክኮ ይቆይልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።" ኢንሻአላህ እለዋለሁ። እኔም ከልቤ ነበር የምመኝለት።

አንድ ረቡዕ የአቡ ፋሃድ ልጅ መጣ። መፍጫው ሥር ቆሞ በስልኩ ፎቶ አነሳና ነገሩን ነገረን። ከባሕር ማዶ ገዥ ተገኝቷል፤ ቅዳሜ ከራሱ መካኒክ ጋር ይመጣል። የሚፈልገው ዕለቱን ተነስቶ ድንጋይ የሚፈጭ መፍጫ ነው። ከሠራ ነቅሎ ይወስደዋል። ካልሠራ ግን አይፈልገውም፤ አባቱም በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ አልሸጥም ብሏል፣ ገበያው እስኪነሳ እንደቆመ ይቆያል። ልጁ ይህን ተናግሮ አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ደሳለኝ የያዘውን መጥረጊያ መሬት ላይ ጥሎ ወደኔ ዞረ።

"ጋሼ ይመር፣ እንዳይነሳ እናድርገው" አለኝ።

"ምን አልክ አንተ?"

"ኧረ በጊዮርጊስ! እንስበረው አላልኩም። የናፍታ ቱቦውን ቡሎን ሁለት ጥርስ ላላ ባደርጋት አየር ይስባል፣ ጄኔሬተሩ አይነሳም። ገዥው ይናደዳል፣ ይሄዳል። በማግስቱ እናጠብቃታለን። ማሽኑ ምንም አይሆንም። ዓርብ ዓርብ መኪናውን የተበላሸ ያስመስሉልኝ የለም እንዴ? ይኸም ያው ነው።"

ያው ነው አለ። እውነቱን ነበር፣ ያው ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ቀና ብዬ ፊቱን ሳየው ሆዴ ባባ። "እሺ" አልኩት። "ዝም እላለሁ። አብሽር፣ አይዞህ።" እጄን ይዞ ሳመኝ፤ ግራሶ ያለበትን እጅ። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አላወቅሁም፣ አልሰማሁም የምልበት መንገድ የለኝም።

ቅዳሜ ደረሰ። አቡ ፋሃድ ራሱ መጣ፣ ነጭ ቶቡ ተተኩሶ፣ ሽቱውን አርከፍክፎ። ገዥውም መጣ፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ መካኒክ አስከትሎ። መካኒኩ መፍጫውን እየዞረ አየ። ቺንጋውን ነካ፣ ዘንጎቹን አየ፣ ነጩን ምልክት በጣቱ ዳሰሰ። ያኔ እንኳ ልቤ ኮራ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ጋ ሄደና ቁልፉን ጠመዘዘ። ማስነሻው ሞተሪኖ አጓራ፣ አጓራ፣ ጄኔሬተሩ አልነሳም። ደገመው፣ አልነሳም። ሦስተኛ። ደሳለኝ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ይሰማኛል። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ገዥው ዞረና በተሰባበረ ዐረብኛ፣ እኔም እንድሰማ፣ እንዲህ አለ፦ "ይህን የሚጠብቁት ሐበሾች ናቸው? እነዚህ ዘበኞች ናቸው። ዘበኛ ስለ ማሽን ምን ያውቃል? ቀለም ቀብተው ሁለት ዓመት ተኝተዋል።" ገዥው ሳቀ። የአቡ ፋሃድ ልጅም ሳቀ።

አቡ ፋሃድ ግን አልሳቀም። ሽማግሌው ወደኔ ቀረበና በዝግታ፣ "ይመር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጃሂዝ ስትለኝ ነበር። ስትዋሸኝ ኖርክ?" አለኝ።

እንግዲህ ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት አላህ ነው የሚያውቀው። ዝም ብል ምን እሆን ነበር? ዘበኛ እባል ነበር፣ ውሸታም እባል ነበር፣ አቡ ፋሃድ ሁለት ቀን ይቆጣ ነበር፣ ከዚያ ይረሳው ነበር። ስድብ አይገድልም። ግን የዚያ የሞተው አለቃዬ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ማሽን በሰው ፊት ያሳፈረህ ዕለት የሚለው። ፊቴ ነደደ። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባል የለ? እኔ ደግሞ ለስሜ ስል የሌላ ሰው መቃብር ቆፈርኩ። እግሬ ራሱ ነው የሄደው። ከኪሴ የቡሎን መፍቻ ቺያቤዬን አወጣሁ፣ የትኛው ቡሎን ነው ብዬ እንኳ ሳልፈልግ፣ ቀጥ ብዬ ሄጄ ሁለቷን ጥርስ አጠበቅኋት። በእጅ ፖምፓ አየሩን አስወጣሁ። አረፋው ጠፍቶ ንጹሕ ናፍታ ሲወርድ፣ "አሁን ሞክረው" አልኩት መካኒኩን። በአንድ ጠምዘዝ ተነሳ።

ወይኔ፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! የመንጋጋው መንኮራኩር እንደ ሐር ለስልሶ ዞረ። ሁለት ዓመት የተኛ ማሽን አይመስልም፣ ትናንት የቆመ ይመስላል። ድንጋይ ከተትንበት፣ ነጭ ጠጠር በቺንጋው እየዘለለ ወጣ። መካኒኩ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። አቡ ፋሃድ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "ማሻአላህ፣ ማሻአላህ" ይላል። እኔም ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ጥርሴ እስኪታይ ስቄያለሁ። ከዚያ ዘወር ስል ደሳለኝን አየሁት። ነጭ አቧራ ፊቱ ላይ ተነስንሶ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎ፣ እኔን ሳይሆን የሚዘለውን ጠጠር ነበር የሚያየው።

ማሽኑ ሲጠፋ ወደሱ ሄድኩ። እሱ ቀደመኝ። "ጥሩ አስነሱት፣ ጋሼ" አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን ሌላ ቃል አልተናገረኝም። ምነው በሰደበኝ፣ ምነው በዚያ ቧንቧ ራሴን በመታኝ። መፍጫውን ስንፈታ በየጠዋቱ ቀድሞኝ ይነሳል፣ ቡሎኖቹን በየዓይነታቸው በጣሳ ይለያል፣ ምሳ ሲሆን ተሚሱን ለሁለት ቆርሶ ትልቁን ለኔ ያደርጋል። ያንጎራጎረ እንደሆነ ግን አልሰማሁም።

ሌላም አለ፣ እሱንም ልናገረው። አቡ ፋሃድ በሥራዬ ኮርቶ ሱለይ ባለው ጋራዡ ሊያስቀረኝ ፈለገ። "ደሳለኝንስ?" አልኩት። "ቦታ ያለኝ ለአንድ ሰው ነው" አለኝ። እሱ ይቅር፣ እኔ እሄዳለሁ ማለት ትችል ነበር ይህች ምላሴ። ስድስት ቃል አይሞላም። አላልኩም። ቤት እየሠራሁ ነበር፣ ጣሪያ ይቀረው ነበር፣ ፋጡማ ባለቤቴ ቆርቆሮ ላክ እያለች ነበር። ያው ዛሬ ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስሰማው አድራለሁ።

የመጨረሻው ዓርብ ሱለይማኒያ ሄድን። እንደ ልማዴ ኮፈኑን ከፈትኩ። ብርቱካን ግን ያን ቀን "ዛሬም ተበላሸብዎት?" አላለችኝም። ጎማው ከእጇ ወድቆ ውሃው መንገዱ ላይ ዝም ብሎ ይፈሳል። ሲያወሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ፤ አንገቴ ይቃጠላል። አሁን ይነግራታል፣ አሁን የይመር ሥራ ነው ይላታል እያልኩ ያቺኑ ቡሎን ስንት ጊዜ ፈትቼ አጠበቅኋት። ተመልሶ መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ "ሄድ ብለው ይጎብኟት፣ ጋሼ። ዓርብ ዓርብ" አለኝ። እሺ አልኩት። ይህ ሁለተኛው እሺ መሆኑ ነው። በሳምንቱ ኹሩጅ ተመቶለት ሄደ። እኔም ሁለት ዓርብ ሄድኩ። በሦስተኛው ቪላው ተቆልፎ፣ በሩ ላይ አቧራ ተጋግሮ አገኘሁት። ጎረቤት ያለው ሱዳናዊ ዘበኛ፣ "ቤተሰቡ ወደ ጅዳ ተዛወረ" አለኝ። ስልኳ አይሠራም። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አሁን እውነቱን ልናገርና ልረፍ። በሐሊማ ወፍጮ ላይ እጄን ያሳረፍኩት ለግራሶው ሽታ ብቻ አይደለም። ወር አልሆነውም፣ ደሴ መናኸሪያ ውስጥ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ አልነሳም ብሎ ወርደን ቆመን ነበር። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቷል፣ እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ "ጋሼ ይመር፣ ዛሬም ተበላሸብዎት?" አለችኝ። ዘወር ስል ብርቱካን ናት። ከስታለች፣ ፀጉሯ ከግንባሯ በላይ ሽበት ጣል አድርጎበታል፣ በዘንቢል በርበሬ ይዛለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ። ደሳለኝስ አልኳት። ምነው ባልጠየቅኋት።

"ስምንት ወር እኛ ቤት፣ ደሴ ተቀምጦ ጠበቀኝ" አለች። "እኔ ጅዳ ነበርኩ፣ ስልኬን ወስደውብኝ። ኮንትራቴ ሲያልቅ አልለቀቁኝም፣ ሌላ ሁለት ዓመት አስጨመሩኝ። እሱ መቼ ይህን ያውቃል? በዘጠነኛው ወር ሄጄ አመጣታለሁ ብሎ በየመን በኩል ወጣ። ባሕሩ ዳር ሆኖ ለእናቴ ደውሏል፣ ነገ እንሻገራለን ብሎ። ከዚያ ወዲህ የለም፣ ጋሼ። አየሁት የሚል የለም፣ ሞተ የሚል የለም።" አላለቀሰችም። እንባው ድሮ ያለቀ ይመስለኛል። "ልብሱ አለኝ። ትቶት የሄደው ኮት። በየጊዜው አወጣና ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ ብል እንዳይበላው። ጫማውንም ቅባት እቀባዋለሁ። ምናልባት አንድ ቀን ከመጣ፣ ዝግጁ ሆኖ ያግኘው ብዬ።"

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልላት ነበር፣ ወላሂ ልላት ነበር። እሷ ግን እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ያን የመጨረሻውን ዓርብ ስለርስዎ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? 'ጋሼ ይመር እንድቀር ብለው ያልሆኑት የለም፣ እኔን ለማስቀረት በአረቦቹ ፊት ተዋርደው ተሰደቡልኝ' ነበር ያለኝ። ለእናቴም እኛ ቤት ተቀምጦ ይህንኑ ሲያወራ ነው የከረመው። እናቴ በስምዎ ነው የምትጸልየው።" ሹፌሩ ሚኒባሱን አስነስቶ ጡሩንባ ነፋ፣ ሰው እየተጋፋ ገባ። ብርቱካን እጄን ለቀቀችና ቀና ብላ መረቀችኝ።

"ለኛ እንዳሰቡልን፣ እግዜር እንዲሁ ያስብልዎት።"

እኔም "አሜን" አልኳት።